ጠረጴዛው ያዘነበለበት አቅጣጫ

ወለጋ፣ ከጊምቢ ወዲያ ባለችው ቢላ ውስጥ ፑል የሚጫወት ሰው አለ ብዬ አልመሰክርም። እዚያ ያለውን አንድ ጠረጴዛ የሚጫወት ግን ሞልቷል። ነገሩ አንድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ፑል የሚችል ሰው ነቀምቴም ገባ ጊምቢ፣ አዲስ አበባም ሄደ አሶሳ፣ ስቲክ ከጨበጠ ያው እጁ፣ ያው ዓይኑ ነው። ጠረጴዛ የሚችል ሰው ሙያው ሌላ ነው። ኳስ የትኛው ጥግ ላይ እንደምትለግም፣ የትኛው ቀዳዳ እንግዳ እንደሚጠላ፣ ነጯ ኳስ የጨርቁን ስፌት ስትረግጥ ወዴት እንደምታጋድል በቃሉ ይዞታል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ይህን የተረዳሁት ቡና ሊገዛ ከነቀምቴ የመጣ ወጣት ሲሸነፍ አይቼ ነው። ልጁ ይችላል፤ አቋቋሙ ያስታውቃል። ጎንበስ ሲል አገጩ ስቲኩን ሊነካ ይደርሳል፣ ግራ እጁ ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ አይንቀጠቀጥም፣ ከመምታቱ በፊት ደጋግሞ ይለካል። አራት ቁጥርን ወደ ጥጉ ቀዳዳ ላካት። ቀጥ ብላ ሄደች። ከቀዳዳው አፍ ስንዝር ሲቀራት ግን ሐሳቧን ለወጠችና ወደ ግራ ታጥፋ ላስቲኩ ጋ ቆመች። ልጁ ኳሷን አየ፣ ስቲኩን አየ፣ ቀጥሎ እኛን አየን። ማንም አልሳቀም። ቢላ ውስጥ እንግዳ ላይ አይሳቅም፤ እንግዳ ግን ይከፍላል።

ተራው የኛ ሰው ሆነ። የኛ ሰው የሰፈሩ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ውሎ ማታ ማታ ይነግሣል። ማነጣጠር የሚባል ነገር አያውቅም። ኳሷን ከቀዳዳው ግማሽ ክንድ ወደራቀ ቦታ፣ ሆን ብሎ ሊስት የፈለገ በሚመስል አቅጣጫ ላካት። ሄደች፣ ሄደች፣ ያቺ የማትታየው ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ዞረችና ገባች። "ያ ዋቃ!" አለ የነቀምቴው ልጅ። ጎሚስታው ቀና ሳይል፣ "ንፋስ ነው" አለው።

ንፋስ አልነበረም። የጠረጴዛውን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች እናውቃለን። ይህ ጠረጴዛ በአይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ነቀምቴ ለመድረስ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከነቀምቴ ጊምቢ ሌላ 110 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ ዲዴሳ አለ። ዲዴሳን በጭነት መኪና የወረደና የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጭነቱ ሲወርድ ሁሉም ወደ ፊት፣ ሲወጣ ሁሉም ወደ ኋላ ነው። ጠረጴዛው ጊምቢን አልፎ ቢላ ሲወርድ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ ተገኘ። አናጢ ተጠርቶ በዋንዛ አዲስ እግር ሠራለት። እግሩ ያማረ ነው፤ ከሦስቱ ወንድሞቹ ግን በጣት ያጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ የቢራ ካርቶን ነው፤ ታጥፎ ከስር ገባ። ክረምት ሲመጣ ካርቶኑ ራሰና ተጨፈለቀ፤ ሌላ ተጨመረ። እሱም ተጨፈለቀ።

ባለቤቱ አንድ ቀን መሮት ውሃ ልክ የያዘ ግንበኛ አመጣ። ግንበኛው ውሃ ልኩን በአራቱም ጎን እያስቀመጠ አረፋዋን ብዙ ከተመለከተ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ጠረጴዛው ደህና ነው፤ የተበላሸው ወለሉ ነው" አለ። ወለሉን ማን እንደሠራው ሲጠየቅ ግን ውሃ ልኩን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ኳስ ክብ ናት፣ ጨርቁ ለስላሳ ነው፤ ለሰው ዓይን ሜዳ የሆነው ለእሷ ተዳፋት ነው። ስትፈጥን ተዳፋቱ አይገዛትም። ፍጥነቷ ሲሞት ነው የሚስባት፤ ስለዚህ ጉዱ ሁሉ የሚፈላው ቀዳዳው አፍ ላይ ነው። ይህን ያየ እንግዳ "እንግዲያው በኃይል ልምታ" ይላል። በኃይል ሲመታ ኳሷ የቀዳዳውን ከንፈር ታንኳኳና ትመለሳለች። ቀስ ቢል ቁልቁለቱ፣ ቢፈጥን ከንፈሩ። ጎሚስታችን በሁለቱ መካከል ያለችውን አንዲት ፍጥነት ያውቃታል። በክንዱ እንጂ በቃል ሊያስረዳት አይችልም፤ ቢችልም አያስረዳም።

ከጨርቁ ስር ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚመስለው እንጨት ነው። ድሮ እውነትም እንጨት ነበር። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በደረቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን የወለጋን ክረምት ያየ ሰው አያስረዱትም። እ.ኤ.አ. በ1826 ጆን ተርስተን የሚባል የለንደን ጠረጴዛ ሠሪ እንጨቱን ትቶ፣ ፈረንጅ ጣሪያ የሚከድንበትን ገጽ ገጽ እያለ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ አነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ደህና ጠረጴዛ ማለት ድንጋይ የተሸከመ ጠረጴዛ ማለት ሆነ፤ ስመ ጥሩው ድንጋይ ከጣሊያን ሊጉሪያ ተራሮች ይወጣል። ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት በዚህ ምክንያት ነው። ርካሹ ጠረጴዛ ደግሞ ከስሩ ኤምዲኤፍ ነው፤ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጋግሮ።

የኛው ከስሩ ምን እንዳለ የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው። "እብነበረድ ነው" ይላል። እብነበረድ ማለቱ አይበቃውም፤ "ያውም የዳለቲ" ብሎ ይጨምራል። ዳለቲ ከመንዲ ወዲያ ያለ የታወቀ የእብነበረድ አገር ነው፤ ከኛ ሩቅ አይባልም። በባለቤቱ አባባል ድንጋዩ ከዳለቲ ተፈንቅሎ በደጃችን አለፈ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ተላገ፣ ጨርቅ ለበሰና እንደገና ዲዴሳን ተሻግሮ ለሰፈሩ በቃ። ወሬው ያምራል፤ እኔ ራሴ ለእንግዳ አውርቼዋለሁ። አጫዋቹ ልጅ ከስር የወደቀ አሥር ብር ለማውጣት ብቻውን አንዱን ጫፍ ብድግ ሲያደርገው ያዩ ሰዎች ግን ስለ ዳለቲ ሲነሳ ቡናቸውን ማማሰል ይጀምራሉ።

ዙሪያውን ያለው ላስቲክም ዝም ብሎ የተለጠፈ ጎማ አይደለም። አፍንጫው ከኳሷ ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በደንቡ መሠረት ከቁመቷ 63.5 በመቶ አካባቢ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ዝቅ ካለ ኳሷ ትዘላለች፤ ከፍ ካለ ወደ ታች ይጫናትና ትሞታለች። ያው ተርስተን ላስቲክ ማስገባት ሲጀምር የለንደን ብርድ እያደረቀበት ተቸግሮ ነበር፤ የተገላገለው በድኝ የበሰለ ላስቲክ ሲመጣ ነው። የኛ ጠረጴዛ ስድስት ላስቲክ አለው፤ አምስቱ ሥራ ላይ ናቸው። ስድስተኛው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ፀሐይ ለዓመታት ሲጠብሰው ኖሮ ኳስ ስትነካው መመለስ ትቷል፤ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። ስሙ "ጡረተኛው" ነው። ነጯን ማቆም የፈለገ ሰው ወደ ጡረተኛው ይልካታል። የዓለም ሻምፒዮኖች ዕድሜያቸውን የሚፈጁበትን ጥበብ ቢላ ውስጥ አንድ የደረቀ ላስቲክ በነጻ ይሰጣል።

ጨርቁ አረንጓዴ ነው። ጨዋታው ከሣር ሜዳ ተነስቶ ቤት የገባ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጠረጴዛ ነበረው። ዛሬ ስም ያለው ጨርቅ የሚመጣው ቤልጅየም ውስጥ ቬርቪዬ ከምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1680 ጀምሮ ሱፍ ሲሸምን ከኖረው ከሲሞኒስ ቤት ነው። የኛው ጨርቅ ግማሹ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ግማሹ ግን ከልብስ ሰፊው እንደመጣ እናውቃለን። አንድ ጎረምሳ ለመክፈቻ ምቱ በሙሉ ኃይሉ ተንደርድሮ ስቲኩን ከኳሷ ስር ሰደደው፤ ጨርቁ ተተረተረ። ልብስ ሰፊው መርፌና ክር ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ከተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ አረንጓዴ ቴትሮን ጠገነው። ስፌቱ ከመሃል ተነስቶ ወደ ጎኑ ቀዳዳ ያመራል። እንግዳ እንከን ይለዋል። ነዋሪው ነጯን ስፌቱ ላይ አሳፍሮ ይሸኛታል።

ክረምት ከበጋም አንድ አይደለም። ሐምሌ ላይ ጨርቁ እርጥበቱን ጠጥቶ ኳስ ይይዛል፤ ጥር ላይ ደርቆ ኳሱ ይበራል። ስለዚህ የክረምት ሻምፒዮን ሌላ፣ የበጋ ሻምፒዮን ሌላ ነው። ገንዘቡም እንዲሁ ወቅት አለው። ቡና ሲደርስ ሁሉም ይጫወታል፤ ግንቦት ላይ ሁሉም ቆሞ ያያል።

ስቲክ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥነ ሥርዓት ነው። ግድግዳውን ተደግፈው አራት ስቲኮች ቆመዋል። ደንበኛው ገብቶ እጅ ከነሳ በኋላ አንዱን ያነሳና ጠመንጃ እንደሚገዛ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጫፍ ለጫፍ ያየዋል። ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛና ያንከባልለዋል። ቀጥ ያለ ስቲክ ሲንከባለል ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ የተጣመመ ከሆነ ጫፉ ብድግ ቁጭ ይላል። ዘዴው ዓለም የሚያውቀው ነው። የቢላ ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ጠማማነት የሚለካበት ጠረጴዛ ራሱ ጠማማ ነው። እናም ቀጥ ያለው ስቲክ በሐሰት ምስክር ተፈርዶበት ግድግዳው ጋ ይመለሳል፤ ጠማማው ከጠረጴዛው ጋር ተስማምቶ ይመረጣል።

ደህና ስቲክ 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያልፋል፣ ዘንጉም ብዙውን ጊዜ ሜፕል ከሚባል የሰሜን አሜሪካ ጠንካራ ዛፍ ነው። ከአራቱ ለዚህ ወግ የሚበቃው አንድ ነው፤ እሱን ጎሚስታው ይዞታል። ሁለተኛው መሃሉ ላይ የሚጋጠምበት ብሎን ጥርሱ አልቆ በፕላስተር ታስሯል፤ ሲመቱበት ያቃስታል። ሦስተኛውን አናጢው ነው የጠረበው፤ ጠንካራ ነው፣ አንድ ጊዜ እባብ ተገድሎበታል። አራተኛው "አጭሩ" ነው።

አጭሩ ቅንጦት አይደለም። ክፍሉ ድሮ ሱቅ ስለነበረ በአንድ በኩል ግድግዳውና ጠረጴዛው መካከል ያለው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሙሉ ስቲክ ወደ ኋላ ሲሳብ ግድግዳ ይወጋል። ስለዚህ አንዱ በመጋዝ ተቆርጦ አጠረ። እዚያ ጥግ የደረሰ ሁሉ "አጭሩን!" ብሎ ይጣራል፤ አጫዋቹ ልጅ በሰው ራስ ላይ አሳልፎ ያቀብለዋል። አጭሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን ማየት የሚፈልግ ግድግዳውን ይመልከት፤ በወገብ ከፍታ ላይ ስቲክ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ተደርድረዋል። ኖራው ረግፎ ከስር ጭቃና ጭዱ ይታያል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አጫዋቹ መፋቂያውን ያስቀምጣል።

የስቲክ ነፍሱ ግን ጫፉ ላይ ያለችው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማትበልጠው ቁራጭ ቆዳ ናት። እሷ ከሌለች እንጨትና ኳስ ሲገናኙ ይንሸራተታሉ፣ ኳሷም ወደ ፈቀደችው ትሄዳለች። ቆዳዋን ለዓለም ያስተዋወቀው እስረኛ ነው። ፍራንስዋ ሚንጎ የተባለ የፈረንሳይ ጦር ሻምበል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፖለቲካ ምክንያት ፓሪስ ታስሮ ሳለ፣ በእስር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቆዳ የለበሰ ስቲክ ምን እንደሚሠራ ደረሰበት ይባላል። ቆዳ ኳሷን ይነክሳል። ከመሃሏ ዝቅ አድርገው ቢመቷት ሄዳ ትመለሳለች፤ ከጎን ቢመቷት እየተሽከረከረች መንገዷን ትቀይራለች። ሚንጎ በዚህ ከመጠመዱ የተነሳ እስሩ ሲያልቅ "ትንሽ ጨምሩልኝ" ብሎ ለመነ የሚል ወሬም አለ። ይህንን ለቢላ ልጆች ስነግራቸው የሳቀ አልነበረም። ምኑ ነው የሚያስቀው? እነሱም የሚያመሹት "ጋሼ፣ አንድ ጌም ጨምርልን" እያሉ ነው።

እዚህ የሚንጎ ወራሽ ጫማ ሰፊው ነው። ካረጀ ቀበቶ ክብ ቆዳ ይቆርጣል፣ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ እፍ ይልበታል፣ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እያሸ ያሞጠሙጠዋል። ምርጡ የወታደር ቀበቶ ነው ይላል፤ ላብ የጠጣ ቆዳ ኳስ አይስትም ባይ ነው። ማስቲሹ እስኪደርቅ ስቲኩ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ባለ ጉዳዩም አብሮ ይቆማል፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት።

ቾክ የምንላት ሰማያዊ ቁራጭ እውነቱን ለመናገር ጠመኔ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስ የተባለ የቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ የቺካጎ ኬሚስት ከተፈጨ የሲሊካ ድንጋይና ከሌላ ሻካራ ማዕድን የሠሯትን ነው ዛሬም የምንቀባው። ሥራዋ ቆዳው እንዳይንሸራተት ማሻከር ነው። አንድ ወቅት መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሲጠፋ ቾክም አብራ ጠፋች። ያን ሰሞን በአንድ ትምህርት ቤት ጠመኔ ማነስ ጀመረ፤ መምህራኑ ሰሌዳው ግማሽ ሳይሞላ እጃቸው ባዶ ይሆናል። የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ጀሶ ነው። ጀሶ ስቲክን ያለሰልሳል እንጂ አያሻክርም። በዚያ ወር ከቆዳው እየተንሸራተተ ያመለጠ ምት ቁጥር ስፍር አልነበረውም፤ ጨርቁም አዝመራ የተወቃበት አውድማ መስሎ ነጣ።

ለእናቶች ቾክ የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። ስቲኩ የሚያልፍባት፣ በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ያለችው ሥጋ ሰማያዊ ትሆናለች። ደብተር ይዞ የገባ ልጅ "እጅህን አሳየኝ" ይባላል። አንዱ፣ "ጂኦግራፊ ነው እማዬ፣ ጣና ሐይቅን ቀለም ስንቀባ ነው" ብሎ ነበር። እናቱ ጣናን እንዲህ ሰፊ አድርጎ ማን እንዳስተማረው ለመጠየቅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዱ።

ኳሶቹ አሥራ አምስት ናቸው፤ ነጯ አሥራ ስድስተኛ። ሙሉ ቀለም የለበሱት ሰባት፣ ባለ መስመሮቹ ሰባት፣ ጥቁሯ ስምንት ቁጥር መሃል ላይ ብቻዋን። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በኛ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ቁጥር የለችም፤ አንድ የክረምት ማታ ዘልላ በመስኮት ወጣች፣ ጎርፉ ይዟት ሄደ። ምትክ ከሌላ ስብስብ መጣ። ችግሩ ምትኳ ከእንግሊዞቹ ትንንሽ ኳሶች ወገን መሆኗ ነው፤ የእኛዎቹ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ እሷ 51 ገደማ ናት። ቁጥርም አልነበራት። የአጫዋቹ እህት በቀይ የጥፍር ቀለም "7" ጻፈችባት፤ ሲደበዝዝ ለበዓል ጥፍሯን ስትቀባ አብራ ታድሳታለች። ሰባት ላስቲክ ስትነካ አፍንጫው ከወገቧ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚያገኛት ትደፋለች እንጂ አትመለስም። ነጯ ስትመታት ደግሞ ትወጣባታለች፤ ዘልላ የወደቀችበት ጊዜ አለ። ጠረጴዛውን የሚያውቅ ሰው ሰባትን መጀመሪያ ይገላገላታል። እንግዳ ለመጨረሻ ያቆያታል።

ኳስ ድሮ የዝሆን ጥርስ ነበረች። ከአንድ ጥርስ የሚወጡት ጥሩ ኳሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አውሮፓና አሜሪካ ደግሞ ቢሊያርድ ያበደበት ዘመን ነበር። ይሄን ጊዜ ወለጋ ምን ታደርግ ነበር? ጥርስ ትልክ ነበር። የነቀምቴው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ የቄለሙ ጆቴ ቱሉ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ከሚገብሩት ውስጥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ዋናዎቹ ነበሩ፤ ከዚያ ነጋዴው ተቀብሎ ወደ ባሕር ያወርደዋል። ከነዚያ ጥርሶች አንዱ ለንደን ገብቶ፣ ተርስተን ባነጠፈው ድንጋይ ላይ ሲንከባለል ኖሯል ብሎ ለሚምል የቢላ ሰው የሚከራከረው አይገኝም። ነቀምቴ ሄዶ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት የጎበኘ፣ ግቢው መሃል ቆሞ ይህን ቢያስብ ፑል መጫወት ውለታ ማስመለስ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ብሎ ለሚስቱ ያስረዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። አልተሳካለትም።

ዝሆን ማነስ ሲጀምር የአሜሪካ ቢሊያርድ ዕቃ ነጋዴዎች ደነገጡ። እ.ኤ.አ. በ1863 በጥርስ ፋንታ የሚሆን ነገር ለሚያመጣ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት ተባለ። ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሲደክምበት ቆይቶ ሴሉሎይድ የሚባለውን ፕላስቲክ ይዞ ብቅ አለ። ኳሱ ጥሩ ነበር፤ አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት። የሚሠራበት ነገር ከፈንጂ ዘመድ ስለነበረ አልፎ አልፎ ሁለት ኳሶች ጠንከር ብለው ሲጋጩ ይጮሃል። ሃያት ራሱ በኋላ እንዳወራው ከኮሎራዶ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ጻፈለት፤ ሰውየው ድምፁ እሱን እንደማያስጨንቀው፣ ችግሩ ኳስ በጮኸ ቁጥር በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሽጉጥ መምዘዙ እንደሆነ ገለጸለት። ዛሬ ኳስ የሚሠራው ፌኖሊክ ከሚባል ጠንካራ ሙጫ ነው፤ በዓለም ትልቁ ኳስ ሠሪም የዱር ዝሆን የሌለባት ቤልጅየም ናት፤ ፋብሪካው ሳሉክ፣ ኳሱ አራሚት ይባላል። ጨርቁም ከእነሱ፣ ኳሱም ከእነሱ። ለኛ የቀረልን ካርቶኑ ነው።

ትሪያንግሉ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አጫዋቹ ኳሶቹን በሁለት ክንዱ ሰብስቦ ያሰልፋል። መብራት ሲጠፋ ጌሙ እንዳለ ይቆማል። ኳስ ማንም እንዳይነካ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፤ የሞባይል ባትሪ ያለው ያበራል። መብራት ሲመጣ ኳስ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ ሁልጊዜ የምትንቀሳቀሰው ሰባት ናት።

ሽማግሌዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ጨዋታ አይባልም ይላሉ። ለእነሱ ጨዋታ ጣሊያን ትቶት የሄደው ከረንቡላ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ጠረጴዛ፣ መሃሉ ላይ የቆሙ ትንንሽ እንጨቶች። "ቀዳዳ ለሰነፍ ነው" ሲሉ አንዱን ሰምቻለሁ። ቀበሌም በየጊዜው የራሱ አስተያየት አለው። ፈተና ሲቃረብ ለትምህርት ቤት የቀረበ ፑል ቤት ይዘጋ ይባላል፣ ይዘጋል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይከፈታል። ተማሪው ያን ሰሞን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም እንዳልል ጆተኒ ቤቱ ሲሞላ አየዋለሁ።

ባለፈው ጥር፣ ቡና በደህና ዋጋ ከተሸጠ በኋላ፣ ባለቤቱ አዲስ ጠረጴዛ አስመጣ። እግሩ ብረት ነው፤ ከእያንዳንዱ እግር ስር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን አለው። ያው ግንበኛ ተጠራ። ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ ብሎኑን አዞረ፣ ደግሞ አስቀመጠ። አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሕዝቡ አንድ በአንድ እየጎነበሰ አያት። ላስቲኮቹ ስድስቱም ይሠራሉ። ኳሶቹ አሥራ ስድስቱም እኩል ናቸው፤ ሰባት ቁጥር በፋብሪካ የተጻፈ ሰባት አላት፤ የአጫዋቹ እህት ይህን አይታ ምንም ሳትናገር ወጣች።

የመጀመሪያው ጌም ጎሚስታው ከአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጋር ነበር። ጎሚስታው እንደ ልማዱ ሳያነጣጥር ከቀዳዳው ግማሽ ክንድ አርቆ ላካት። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ ከቀዳዳው ግማሽ ክንድ ርቃ ላስቲኩን መታች። ነጯን ሊያቆም በመስኮቱ በኩል ላካት፤ ላስቲኩ አፈናጥሮ ከጥቁሯ ጋር ቀዳዳ ከተታት። ስቲኩን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ስቲኩ ረጋ ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ይህ ይበልጥ አናደደው። ከፈለ። ደገመ፣ ከፈለ።

"ይሄ ጠረጴዛ ችግር አለበት" አለ ሲወጣ።

"ምን ሆነ ጋሼ?" አለው ልጁ።

"የላክኸው ቦታ ነው የሚሄደው።"

ሳምንት አልሞላም፣ የተማሪው ኳሶች ቀዳዳ አፍ ላይ ስንዝር ሲቀራቸው ወደ ግራ መታጠፍ ጀመሩ። ጎሚስታው ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ግንበኛው ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ ጥግ ይዛለች። አፉን ሊከፍት ሲል ባለቤቱ "ወለሉ ነው እንዳትል" አለውና ራሱ ተንበርክኮ ከእግሮቹ ስር በእጁ ዳበሰ። በሦስተኛው እግር ስር የሆነ ነገር አገኘ፤ ጎትቶ አወጣው። ካርቶን አልነበረም። በክብ የተቆረጠ፣ ዳር ዳሩ በሞረድ የሳሳ፣ እንዳይንሸራተት ማስቲሽ ሳይቀር የተቀባ የጎማ ልጣፊ ነው። እጁ ላይ አገላብጦ አየው፤ እኛም አየነው። ማን አስገባው ብሎ ግን አልጠየቀም። የገዛ ሞተር ሳይክሉ የኋላ ጎማ ከጠዋት ጀምሮ ተንፍሶ ደጅ ቆሟል፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ጎሚስታ ደግሞ አንድ ነው።